ዘፈኑ ቀረ፣ ፊልሙስ? የ«አርማን» እና የ«ኮ ኮ ኮሪና» ነገር

በኦክቶበር 2018 ፓኪስታን ውስጥ አንድ ዘፈን አገር አነጋገረ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።) ኮካ ኮላ የሚያዘጋጀው ኮክ ስቱዲዮ የተባለው ታዋቂ የሙዚቃ ፕሮግራም «ኮ ኮ ኮሪና»ን በአዲስ መልክ ሠርቶ አወጣ። የዘፈኑት ድምፃዊቷ ሞሚና ሙስተህሳንና ተዋናዩ አሃድ ራዛ ሚር ነበሩ። ሕዝቡ ግን አልተዋጠለትም። ዩቲዩብ ላይ «አልወደድኩትም» የሚለው ምልክት ጎረፈ። ትዊተር ላይ ደግሞ ስድቡ ወረደ። የወቅቱ የሰብዓዊ መብት ሚኒስትር ሺሪን ማዛሪ ሳይቀሩ አንድ ታላቅ ዘፈን አበላሻችሁት ብለው በአደባባይ ጻፉ። አዎ፣ የሰብዓዊ መብት ሚኒስትሯ። ሞሚናም ዝም አላለችም፣ መልስ ሰጠች። በዚያ ላይ ፈቃዱን የሰጠው፣ ዘፈኑን መጀመሪያ በፊልም የተወነው የዋሂድ ሙራድ ልጅ አዲል ሙራድ የአባቱን አድናቂዎች ይቅርታ ጠየቀ።

እኔን የገረመኝ ግን ጭቅጭቁ አይደለም። ከተቆጡት ብዙዎቹ ዘፈኑ ሲወጣ አልተወለዱም። ዘፈኑ የመጣው «አርማን» ከሚባል የ1966 ጥቁርና ነጭ የኡርዱ ፊልም ነው። ዘፈኑን ልጅ አዋቂው በቃሉ ይዞታል። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ግን ከዘፈኑ አድናቂዎች ጋር ሲነጻጸር እፍኝ የማይሞላ ይመስለኛል። ይህ እንዴት ሆነ? ብዙዎች «ዘፈኑ ከፊልሙ ስለሚበልጥ ነው» ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ጉዳዩ የጥራት ብቻ አይደለም፤ የቅጂ ብዛትም ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰዎቹ። የ«አርማን» ፕሮዲዩሰርና መሪ ተዋናይ ዋሂድ ሙራድ የፊልም አከፋፋይ ልጅ ነው። አባቱ ኒሳር ሙራድ በዚህ ንግድ የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጁ ካራቺ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርሱን ያዘ። መሪ ተዋናይ ከመሆኑ በፊት ደግሞ ፕሮዲዩሰር ሆነ፤ የመጀመሪያ ፊልሙ በ1961 ወጣ። አብሮ አደጉ ፐርቬዝ ማሊክ አሜሪካ ሄዶ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምሮ ተመለሰ፤ የ«አርማን» ዳይሬክተር እሱ ነው። ሶሄይል ራና ዜማውን፣ ማስሩር አንዋር ግጥሙን ያዙ። አራቱም ወጣቶች ናቸው። ያኔ የፓኪስታን ፊልም ዋና ከተማ ላሆር ነበረች። ካራቺ ደግሞ የወደብና የንግድ ከተማ ናት። መርከብ የሚገባባት፣ የውጭ ሸክላ የሚሸጥባት፣ የምሽት ዳንስ ቤት የነበራት ከተማ። የእነዚህ ልጆች ፊልም ላሆር ቢሠራ ኖሮ ሙዚቃው ያን ዓይነት ድምፅ የሚኖረው አይመስለኝም።

ከዚያ ጊዜውን ተመልከቱ። ሴፕቴምበር 1965 ላይ ሕንድና ፓኪስታን ተዋጉ። የጦርነቱ አንዱ ውጤት ፓኪስታን የሕንድ ፊልም ከሲኒማ ቤቶቿ ጨርሳ ማገዷ ነው። ከዚያ በፊትም ገደብ ነበር፤ አሁን ግን በሩ ተዘጋ። «አርማን» ለተመልካች የቀረበው በማርች 1966፣ ከጦርነቱ ስድስት ወር በኋላ ነው። ከሕንድ የፊልም ከተማ ከቦምቤይ የሚመጣ ተፎካካሪ የለም። ተመልካቹ ግን ዘፈንና ፍቅር ለምዷል፣ ፍላጎቱ እንዳለ ነው። ቴሌቪዥን ላሆር ውስጥ የጀመረው በ1964 መጨረሻ ነበርና ገና ጨቅላ ነው። ማታ መዝናናት የፈለገ ሰው የሚሄደው ሲኒማ ቤት ነው። ይህን ስል ፊልሙ በዕድል ብቻ ተሳካ ማለቴ አይደለም። በዚያው ዓመት የወጡና ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ ያጡ ብዙ የኡርዱ ፊልሞች አሉ። ሜዳው ክፍት መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

ጥቁርና ነጭ መሆኑስ? ቀለም ስላልነበረ አይደለም። «ሳንጋም» የተባለው የፓኪስታን የመጀመሪያ ሙሉ ባለቀለም ፊልም ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1964፣ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ከምትባለው ከዳካ ወጥቶ ነበር። የቀለም ጥሬ ፊልም ግን ከውጭ በዶላር የሚገዛ ውድ ዕቃ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ፕሮዲዩሰር ጥቁርና ነጩን መረጠ። ይህ ምርጫ ኋላ ላይ ሳይታሰብ ጠቅሟል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

«አርማን» በፓኪስታን የፕላቲኒየም ኢዮቤልዩ ያከበረ የመጀመሪያው የኡርዱ ፊልም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። 25 ሳምንት የታየ ፊልም የብር፣ 50 ሳምንት የታየ የወርቅ፣ 75 ሳምንት የታየ የፕላቲኒየም ይባላል። ነገር ግን አቆጣጠሩ በአንድ ከተማ ያሉትን ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ይደምራል። ሦስት ቤት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ካሳዩት ሦስት ሳምንት ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ «ፊልሙ ለአንድ ዓመት ተኩል ያለማቋረጥ ታየ» የሚለው ወሬ ትንሽ ቅመም አለው። ቢሆንም በዚያ ዘመን ይህን ቁጥር መሙላት ቀልድ አልነበረም። በአገሪቱ ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ ኒጋርን፣ በርከት አድርጎ ወሰደ። ሶሄይል ራና በሙዚቃው፣ መሪ ተዋናይቷ ዜባ በትወናዋ ተሸለሙ።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም የፊልሙ ጥንካሬ እዚያ አይደለም። ዘመድ ቤት የምታድግ፣ የምትበደል ወላጅ አልባ ልጅ አለች። የዘመዷን ነውር በራሷ ላይ ትሸከማለች። ሀብታምና ቀበጥ ወጣት ይወዳታል፣ ይለያያሉ፣ እንባ ይፈስሳል። በሕንድ ፊልም ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ቢያየው መንገዱ አይጠፋውም። ንግግሩም ቢሆን እንግዳ አይሆንበትም፤ ኡርዱና ሂንዲ በአፍ ሲነገሩ እጅግ ይቀራረባሉ። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ከፓኪስታናዊ ታክሲ ነጂ ጋር ተቀምጦ ከዚህ ዘመን ዘፈኖች አንዱን ሳያውቀው ሰምቶ ሊሆን ይችላል።

ጥንካሬው ዘፈኖቹ ላይ ነው። «ኮ ኮ ኮሪና» የሚዘፈነው በአንድ ግብዣ ላይ ነው። ዋሂድ ሙራድ ይውረገረጋል፣ ወጣቶቹ በዙሪያው ይደንሳሉ፤ የምንሰማው ድምፅ ግን የድምፃዊው የአህመድ ሩሽዲ ነው። ግጥሙ ቀላል ነው። ወጣቱ በሐሳቡ የተሳለች ልጅ አለች። ዓይን አፋር ናት፣ የዋህ ናት። ሩቅ ቦታ ትኖራለች፣ አድራሻዋን ግን አያውቀውም። ገና ያላገኛትን ልጅ ነው የሚዘፍንላት። ምቱ የምዕራቡን የዳንስ ሙዚቃ የተከተለ ነው፤ ዜማው ግን ያደገበትን ቤት አልለቀቀም። ዛሬ ብዙዎች የደቡብ እስያ የመጀመሪያው የፖፕ ዘፈን እያሉ ይጠሩታል። «የመጀመሪያው» የሚባል ነገር ሁሌም ያከራክራል። ነገር ግን የፓኪስታናዊቷ ድምፃዊት የናዚያ ሐሰን «ዲስኮ ዲዋኔ» የወጣው በ1981 መሆኑን ስታስቡ፣ ይህኛው በአሥራ አምስት ዓመት ይቀድማል።

ሌላው ትልቅ ዘፈን «አኬሌ ና ጃና» ነው። ጥለኸኝ አትሂድ የሚል ልመና ነው። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዱን ማላ የምትባለው ድምፃዊት፣ ሌላውን አህመድ ሩሽዲ ዘፍነውታል። ዜማው አንድ ነው፣ ስሜቱ ግን ይለያያል። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ ትልልቅ ዘፈኖች እኔ የማደላው ለዚህኛው ነው። «ኮ ኮ ኮሪና» ያስጨፍራል። የማላው «አኬሌ ና ጃና» ግን አንጀት ይበላል። ያም ሆኖ 2018 ላይ ሚኒስትር ያስቆጣው የመጀመሪያው ነው። ደስታ የተሞላበት ዘፈን ብዙ ሠርግና ብዙ ግብዣ ይደርሳል፤ ስለዚህ ብዙ ጠባቂ ያገኛል።

ስለ አህመድ ሩሽዲ ትንሽ ልበል። በ1934 በዛሬዋ ሕንድ በሐይደራባድ፣ ደካን ውስጥ ተወለደ። በ1954 ወደ ካራቺ መጣ። በዚያው ዓመት የፓኪስታንን ብሔራዊ መዝሙር ከቀረጹት ድምፃውያን አንዱ ነበር። ታዋቂ ያደረገው ግን በሬዲዮ ፓኪስታን የተላለፈ፣ ካራቺን በፈረስ ጋሪ የሚያዞር የልጆች ዘፈን ነው። ይህ ሰው በድምፁ ይተውናል። ይስቃል፣ ያቃስታል፣ ቃሉን ያንጠለጥላል፣ መልሶ ይቀልባል። ዋሂድ ሙራድ ደግሞ ዘፈን ላይ መቆም የማያውቅ ተዋናይ ነው። ተመልካቹ ማን እየዘፈነ፣ ማን እየደነሰ እንደሆነ ይጠፋበታል። ሁለቱ ለዓመታት አብረው ሠሩ፣ የሞቱትም በአንድ ዓመት ነው። ሩሽዲ በአፕሪል 1983፣ ዋሂድ በኖቬምበር 1983። ዋሂድ ገና 45 ዓመቱ ነበር።

የ2018ቱ ቅጂ የከሸፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድምፃውያኑ ችሎታ አነሳቸው ብዬ አይደለም። ያኔ ዘፈን ሲቀረጽ ድምፃዊና ኦርኬስትራ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ነበሩ። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ በድምፁ ውስጥ ውጥረትም ጨዋታም አለ። በአዲሱ ቅጂ ምቱ ረግቧል። ዘፈኑ የተሠራው ግን ለሚዘል ሰው ነው። ማንም ቢዘፍነው ያን ፍጥነት ካወረደው ግጥሙ ብቻውን ይቀራል። ግጥሙ ደግሞ፣ ማስሩር አንዋር ነፍሱን ይማረውና፣ ብቻውን እንዲቆም ተብሎ የተጻፈ አይደለም።

ሶሄይል ራና ፊልም ላይ ብቻ አልቀረም። ኋላ በመንግሥት ቴሌቪዥን ለዓመታት ለልጆች ሙዚቃ አስተማረ። «ሶህኒ ዳርቲ» የሚለውን የአገር ፍቅር ዘፈንም የሠራው እሱ ነው። ያንን የዘፈነችው ሻህናዝ ቤገም የዳካ ሰው ነበረች። በ1971 አገሪቱ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ ለአዲሲቱ አገሯ ለባንግላዴሽ ዘፈነች። ፓኪስታናውያን ግን እስከ ዛሬ ሶህኒ ዳርቲን የሚሰሙት በእሷ ድምፅ ነው። ራሱ ራና ኑሮውን ካናዳ አደረገ።

አሁን ወደ ቅጂው ጉዳይ ልመለስ። በ1966 አንድ የፊልም ዘፈን ሲወጣ በአንድ ጊዜ በብዙ መንገድ ይበተናል። ሸክላ ይታተማል፣ ሬዲዮ ያጫውተዋል። ሻይ ቤቱ ይከፍተዋል፣ የሠርግ ባንድ ይለማመደዋል። ኋላ ካሴት መጣ፣ ከዚያ ሲዲ። አንዱ ሸክላ ቢሰበር ሌላ ቤት ሌላ አለ። ማንም ሳያስበው በሺዎች ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ፊልሙ ግን አንድ ኔጋቲቭ አለው። ከእሱ የታተሙ ጥቂት ኮፒዎች ከከተማ ከተማ በባቡር ይዞራሉ። በየማሳያ ማሽኑ ይፋፋቃሉ፣ ይቆረጣሉ፣ በኮምጣጤ ዓይነት ሽታ ይበሰብሳሉ። የኮምጣጤውን ነገር ዘይቤ አታድርጉት። የዘመኑ ጥሬ ፊልም መሠረቱ አሴቴት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየተበላሸ አሴቲክ አሲድ ያወጣል፣ ይኸው አሲድ መልሶ መበላሸቱን ያፋጥነዋል። ካራቺ ባሕር ዳርቻ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ለዚህ በሽታ ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ጥቁርና ነጩ ጠቀመ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። የዚያ ዘመን ባለቀለም ፊልም ቀለሙ እየደበዘዘ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ጥቁርና ነጭ ምስል ግን ከብር የተሠራ ነው። መሠረቱ እስካልበሰበሰ ድረስ ምስሉ ቶሎ አይጠፋም። ኔጋቲቩ በደህና ከተገኘ ዛሬ ስካን ተደርጎ ቁልጭ ብሎ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ችግሩ «በደህና ከተገኘ» የሚለው ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት የድሮ ፊልም ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጡ ናቸው። ፊት አይለይባቸውም፣ ድምፁም ይንጫጫል።

ሲኒማ ቤቶቹም አልቆዩም። በ1971 ትልቅ የገበያ ክፍል ከዳካ ጋር ሄደ። ከዚያ ቪሲአር (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ገባ። በወታደራዊው መሪ በጄኔራል ዚያ ዘመን ቁጥጥሩ ጠበቀ። ሲኒማ ቤት እየፈረሰ የገበያ ማዕከል ሆነ። በሴፕቴምበር 2012 ደግሞ ካራቺ ውስጥ በአንድ ፊልም ምክንያት በተነሳ ተቃውሞ ሲኒማ ቤቶች ተቃጠሉ። ከእነሱ አንዱ ስመ ጥሩው ኒሻት ነበር። ዘፈን እንዲህ በቀላሉ አይቃጠልም።

ስለዚህ የ2018ቱን ቁጣ ሳየው አድራሻ የተሳሳተ ይመስለኛል። መጥፎ ቅጂ የመጀመሪያውን አያጠፋውም። ያልወደደው ሰው አንድ ጊዜ ተጭኖ ወደ ሩሽዲ ይመለሳል። እንዲያውም ስንቱ ወጣት በጭቅጭቁ ሰበብ የመጀመሪያውን ሰምቶ ይሆናል። የሚያሳስበው ማንም ሳይጮህ የሚበሰብሰው ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው ቀለም መቀባት ነው ይላሉ። የሚጠቅሱት «ሙጋል ኤ አዛምን» ነው። የ1960ው የሕንድ ፊልም አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በ2004 በኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ወጣ። በ2006 ደግሞ ፓኪስታን ውስጥ ታየ። ከአርባ ዓመት እገዳ በኋላ በፓኪስታን ሲኒማ በይፋ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የሕንድ ፊልሞች አንዱ እሱ ነው። ለ«አርማን» ሜዳውን ያጸዳው የ1965ቱ እገዳ የላላው በሌላ የጥቁርና ነጭ ዘመን ፊልም መሆኑ ያስቃል። (በ2019 በሩ እንደገና ተዘግቷል።) ቀለሙ ሲኒማ ቤት ሞልቷል፣ አልክድም። ግን ቀለም መቀባት ማደስ አይደለም። ካሜራ ማኑ በጥላና በብርሃን የጻፈውን ሌላ ሰው በግምት ሲሞላው፣ የሚወጣው ነገር ሌላ ፊልም ነው።

የተሻለው ምሳሌ «ጃጎ ሁዋ ሳቬራ» ነው። በ1959 የወጣ የኡርዱ ፊልም ነው፤ በዳካ አካባቢ ስላሉ ዓሣ አጥማጆች። ግጥምና ጽሑፉ የባለቅኔው የፈይዝ አህመድ ፈይዝ፣ ካሜራው የዋልተር ላሳሊ ነው። ላሳሊ ኋላ በሌላ ፊልም ኦስካር ወስዷል። «ጃጎ ሁዋ ሳቬራ» በሞስኮ ፌስቲቫል ተሸለመ፣ አገር ቤት ግን በገበያ ወደቀ። ለአሥርት ዓመታት ጠፋ። የፕሮዲዩሰሩ ልጅ አንጁም ታሲር ከተለያዩ አገሮች ቁርጥራጩን አፈላልጎ አሳደሰው። በ2016 በካን ፌስቲቫል የክላሲክ ፊልሞች ክፍል ታየ። በዚያው ዓመት ሙምባይ ላይ ሊታይ ፕሮግራም ተይዞለት፣ በሁለቱ አገሮች ግጭት ምክንያት ተሰረዘ።

ልብ በሉ፣ ያሳደሰው መንግሥት አይደለም። ልጅ ነው፣ በራሱ ጥረት። የ«አርማን» ነገርም ቤተሰብ እጅ ላይ ያለ ይመስላል። ኮክ ስቱዲዮ ፈቃድ ያገኘው ከአዲል ሙራድ መሆኑ ይህን ያሳያል። ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ትልልቅ ኩባንያዎች የድሮ ዘፈን ፈልገው የፊልም ባለመብት በር ማንኳኳታቸውን አልተዉም፤ የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ደግሞ ገንዘብ አያጣም። ባለመብቶቹ ፈቃዱን ሲፈርሙ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ሊጨምሩ ይችላሉ፦ ዘፈኑን የወሰደ፣ ዘፈኑ ያለበትን ፊልም ኔጋቲቭ አስፈልጎ ስካን የማስደረጉን ወጪ ይሸፍን። በዘፈን ሮያልቲ (ለባለመብቱ በየጊዜው በሚከፈል ድርሻ) ከመደራደር ይልቅ ይህ ይቀልላል፤ ገንዘቡም ከአንድ የቢልቦርድ ማስታወቂያ ዘመቻ አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ።